የደመወዝ ግብር ቢቀር ማን ይከፍላል?



ይህን ጽሑፍ ለመላክ ያነሣሣኝ በምሠራበት በሐዋሳ ከተማ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተደረገ ክርክር ነው። ከባልደረቦቼ አንዱ በደመወዝ ቀን ፊቱን አጨፍግጎ ገባና «ይህ የደመወዝ ግብር ጨርሶ ቀርቶ መንግሥት ገቢውን ሁሉ ከሽያጭ ታክስ ቢሰበስብ ምን አለበት? የገዛ ይክፈል!» አለ። ብዙዎቻችን አጨበጨብን፤ እኔም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርሁ።

አሳቡ ለደመወዝተኛ ጆሮ ደስ ያሰኛል። የእኛ ግብር ገንዘቡን በዓይናችን ሳናየው የሚቆረጥ ስለ ሆነ መሸሸጊያ የለንም። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ 150 ብር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ 600 ብር ከፍ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ገበያው እየናረ ሲሄድ እርሱ ባለበት ቆሞ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ 2,000 ብር ሆነ። በዚሁ ስሌት 10,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው በየወሩ 1,650 ብር ይቆረጥበታል። ይህ ለባለ ልጆች ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ማታ ቤቴ ገብቼ እርሳስና ወረቀት ያዝሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን «ከመቶ ይህን ያህል የሚላችሁን ሰው፣ መቶው የማን ነው ብላችሁ ጠይቁት» ይሉን ነበር። በ1995 ዓ.ም. የቀድሞውን የሽያጭ ታክስ የተካው ተጨማሪ እሴት ታክስ ዛሬም 15 በመቶ ነው። የደመወዙ ግብር ቢቀር ጉድለቱን ለመሙላት 25 ደረሰ እንበል። በትምህርት ቤታችን ደጃፍ ቡና የምትሸጠው እናት ደመወዝ የላትምና ከግብሩ መቅረት የምታገኘው አንድም ሳንቲም የለም። ሳሙናና የልጆቿን ጫማ ስትገዛ ግን ጭማሪው በዋጋው ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃታል። የዕለት ገቢዋን በዕለቱ የምትጨርስ ናት። ከወሩ ጥቂት የተረፈኝ እኔ አስቀምጣለሁ፤ የተቀመጠውን ገንዘብ የሽያጭ ታክስ አይነካውም። ለባለጸጋውማ ስንት ይተርፈው ይሆን! አንዳንድ የምግብ እህል ከታክሱ ነጻ መሆኑ እውነት ነው፤ ሰው ግን በእህል ብቻ አይኖርም።

«በአሜሪካ አገር በቴክሳስ የደመወዝ ግብር የለም» ያለም ነበር። የቴክሳስ ሰው ለዋሽንግተኑ መንግሥት የገቢ ግብር እንደሚከፍል ግን አላነሣውም።

ከሁሉ የከፋው የደረሰኙ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ራሴን ልክሰስ። ባለፈው ዓመት ለልጆቼ ፍራሽ ልገዛ ወጣሁ። ባለሱቁ «መምህር፣ በደረሰኝ 9,200፤ ያለ ደረሰኝ 8,000» አለኝ። የ1,200 ብሩ ልዩነት የልጆቼ ደብተርና እርሳስ ነው፤ ያለ ደረሰኝ ተሸክሜ ሄድሁ። በማግሥቱ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ድምፄ እንደ ወትሮው አልወጣልኝም። 15 በመቶው እኔን እንዲህ ካደረገኝ፣ 25 ቢሆን ደረሰኝ የሚጠይቅ ማን ይገኛል? ደረሰኝ ከጠፋስ የእኔና የዚያ ባልደረባዬ ደመወዝ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ የእኔ ልመና ግብሩ ይሰረዝ የሚል አይደለም። ከግብር ነጻ የሚሆነው ደመወዝ እንዳለፈው ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ሳይጠብቅ፣ ገበያው ከፍ ባለ ቍጥር ይታሰብበት ነው። ባልደረባዬ እስካሁን አልተስማማልኝም፤ መልሱን በዚሁ ዐምድ እንዲጽፍ ጋብዤዋለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሐዋሳ