ዩኒቨርሲቲን የሚያቆመው ማን ነው? ስለ ልገሳ የሚነገሩ ሰባት ተረቶችና እውነታቸው

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኮሶዬ ይደርሳል። ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከት የአርማጭሆ ቆላ ተዘርግቶ ይታየዋል፤ ከአፋፉ ወዲህ ያለው ደጋ ደግሞ የገብስና የድንች አገር ነው። እዚህ የገበሬ ልጅ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ሲያመጣ ደስታው የመንደሩ ሁሉ ነው። ደስታው ሳይበርድ ግን ጥያቄው ይመጣል፤ ልጁ ምን ተሰንቆለት ይሂድ? አንዱ ጎረቤት «አይዞህ ወንድሜ፣ መንግሥት ያበላዋል፣ ያስተኛዋል» ይላል። ሌላው «ፈረንጆቹ ይረዱት የለም እንዴ?» ይላል። ተምሮ ከተማ ላይ ደህና ሥራ የያዘው የአገር ልጅ ደግሞ «ለዩኒቨርሲቲ መስጠት የባለሀብት ነገር ነው፤ የእኔ ብር ምን ትሠራለች?» ብሎ ያልፋል።

እነዚህ አባባሎች ቅንጣት እውነት አያጡም፤ ሙሉ እውነት ግን አይደሉም። የሚያደርሱት ጉዳትም ቀላል አይደለም፤ መስጠት የሚችለው እንዳይሰጥ፣ የሚሰጠውም በማይጠቅም መንገድ እንዲሰጥ ያደርጋሉ። ልገሳ የመንግሥትን በጀት አይተካም። በጀት የማይደርስበትን ጉድለት ግን ይሞላል፤ ለዚያም ዓላማው የታወቀ፣ የማይቋረጥና ሒሳቡ የሚታይ መሆን አለበት። ተረቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ «መንግሥት ሁሉን ስለሚሸፍን ተማሪው የሚጎድለው የለም»

እውነታው፦ የመምህራኑ ደመወዝ፣ ሕንፃው፣ ዶርሙና ካፌው በዋናነት በመንግሥት በጀት የቆሙ ናቸው፤ ይህ መካድ የለበትም። ይሁንና ተማሪው በነፃ የሚወስደው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ወደፊት ሊከፍል ውል ይፈርማል። ተማሪዎች «ኮስት ሼሪንግ» የሚሉት ይህ ዕዳ ሥራ ሲይዙ ከደመወዛቸው የሚቆረጥ ነው።

በጀቱም ጠባብ ነው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለዓመታት የተመደበው 15 ብር ነበር። በኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ አለ። ቁርስ፣ ምሳና እራት ከዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ማንም የማይመድብለት ወጪ ይመጣል። የተማሪ ምደባ አገር አቀፍ ስለሆነ የኮሶዬ ልጅ ጅማ ወይም ሐዋሳ ሊደርሰው ይችላል፤ የትራንስፖርቱን ብር ቤተሰብ ይፈልግለታል። ደብተር፣ የሃንድአውት ፎቶ ኮፒ፣ ሳሙና፣ ጫማ፣ የስልክ ካርድ አለ። ሞዴስ መግዛት ያቃታት ሴት ተማሪ በየወሩ ከክፍል የምትቀርባቸው ቀናት አሉ። ፈተናዋን የሚያርመው መምህር ዝቅ ያለውን ውጤት ያያል እንጂ ከውጤቱ ጀርባ ያለውን ምክንያት አያይም። ብዙ ጊዜ ጎበዝ ተማሪን ከትምህርቱ የሚያስቀረው እንዲህ ያለው ትንሽ ጉድለት ነው፤ ልገሳ በቀጥታ ሊደርስበት የሚችለውም እዚህ ላይ ነው።

ተረት 2፦ «ለትምህርት ቤት መስጠት የፈረንጅ ልማድ ነው»

እውነታው፦ ይህን ጎንደር ላይ ቆሞ መናገር ታሪክን መርሳት ነው። በጎንደር አድባራት የቅኔው፣ የዜማውና የአቋቋሙ ትምህርት ለዘመናት የቆየው በሕዝብ ስጦታ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከየደጁ የሚወጣለት ቁራሽ ነበር የሚያሳድረው። ቁራሹን የምትሰጠው እናት ስሙን አታውቅም፤ ከጎጃም ይምጣ ከላስታም አትጠይቅም። ለእሷ መማሩ ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር።

ለነገ የሚያስብ ስጦታም ነበረን። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲያሠሩ ለካህናቱ መተዳደሪያ መሬት ሰጥተዋል። የዚያ የመሬት ሥርዓት ሸክም በገበሬው ትከሻ ላይ ማረፉ እውነት ነው፤ እንዳለ ይመለስ የሚል የለም። ሐሳቡ ግን ዛሬ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ኢንዶውመንት ከሚሉት ቋሚ ፈንድ ጋር አንድ ነው፤ ዋናው ሳይነካ በየዓመቱ ፍሬው ሥራ ላይ ይውላል። ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቋሚ ፈንድ ያለው ሃርቫርድ እንኳ በዓመት የሚያወጣው ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ነው።

ቅርብ ታሪካችንም ይኸው ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተዋል፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

ተረት 3፦ «ትልቅ ገንዘብ ካልሆነ ዋጋ የለውም»

እውነታው፦ ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ዓመት አብረው የተመረቁ 100 ሰዎች በወር 200 ብር ቢያዋጡ በዓመት 240,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለ24 ተማሪዎች በትምህርት ዘመኑ 10 ወራት በየወሩ 1,000 ብር ይሰጣል። አንድ ባለሀብት ብቻውን ሊሰጠው የሚችለውን 100 ደመወዝተኞች ሳይጎዱ ሰጡት ማለት ነው።

ከመጠኑ ይበልጥ የሚያስፈልገው ቀጣይነቱ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ተረድቶ በሁለተኛው የተተወ ተማሪ ከጅምሩ የባሰ ችግር ላይ ይወድቃል፤ ተስፋ አድርጎ ዕቅዱን ሠርቶበታልና። ስለዚህ አንድ ተማሪን እስከ ምረቃ ማድረስ አሥር ተማሪን ለአንድ ወር ከመርዳት ይሻላል። ቋሚ ፈንድ የሚመሠርቱም ቢሆኑ የዋጋ ንረትን ማሰብ አለባቸው። አንድ ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ ወለድ በዓመት 70,000 ብር ያስገኛል፤ ወለዱ ሁሉ ከወጣ ግን ዋናው ብር በጥቂት ዓመታት የመግዛት አቅሙን ያጣል። ከወለዱ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ዋናው መግባት፣ አዲስ መዋጮም በየዓመቱ መጨመር ይኖርበታል።

ተረት 4፦ «ለጋሹ ሲሄድ ሁሉም ነገር አብሮት ይሄዳል»

እውነታው፦ የሚሄድም አለ፣ የሚቀርም አለ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ገንዘቡ የዋለበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የገባው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። በተከታዩ ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሆኖ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ አቋቋመ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ያሠማራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በምሥራቅ ጀርመን ከነበረው የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ምሥራቅ ጀርመን የሚባል አገር እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የለም። የጎንደር ሕክምና ትምህርት ቤት ግን ዛሬም ሐኪም ያስመርቃል፤ ስጦታው ሰው ላይ ስለዋለ፣ የተማሩት በተራቸው አስተማሪ ስለሆኑ ነው። ከኦክላሆማ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1968 የሠራው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው።

ዛሬም መለኪያው ይኸው መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ለጎንደር ዩኒቨርሲቲና ለካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የአሥር ዓመት ፕሮግራም 24.2 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ትኩረቱ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ላይ ነው። ዕቅዱ 450 ተማሪዎች ጎንደር ላይ እንዲማሩ ነው፤ ከዚያ ጎን 60 የጎንደር መምህራን ኩዊንስ ሄደው የድኅረ ምረቃ ትምህርት እንዲከታተሉና በአገራችን የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት እንዲጀመር ታስቧል። ገንዘቡ የሚያልቅበት ቀን አለው፤ መምህሩና የትምህርት ክፍሉ ግን ይቀራሉ።

በአንጻሩ የዕለት ወጪን ሁሉ በአንድ ለጋሽ ላይ መጣል አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ሥራውን ሲያቆም በመላው አፍሪካ ፕሮጀክቶች በአንድ ጊዜ ተንጠልጥለው ቀርተዋል።

ተረት 5፦ «ዕቃ ከሆነ ምንም ይሁን ምን ይጠቅማል»

እውነታው፦ የማይሠራ ዕቃ ለተቀባዩ ወጪ ነው። ከአሜሪካ የሚላክ የላቦራቶሪ መሣሪያ በ110 ቮልት እንዲሠራ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ጋ ያለው 220 ቮልት ነው። ትራንስፎርመር ሳይኖረው ቢሰካ በዚያው ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ቮልቱ ቢስማማም የሚጠቀመው ኬሚካል አገር ውስጥ ላይገኝ፣ መለዋወጫው ከገበያ ወጥቶ፣ መመሪያው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ጉምሩክ፣ ጭነትና ማከማቻ ደግሞ ገንዘብ ይፈጃሉ። መጽሐፍም ቢሆን ጊዜው ያለፈበት የፋርማሲ መጽሐፍ መደርደሪያ ከማጣበቡ በላይ ተማሪን ሊያሳስት ይችላል።

ትክክለኛው አካሄድ መጀመሪያ መጠየቅ ነው። የትምህርት ክፍሉ የሚፈልገውን በዝርዝር ይጻፍ፤ ለጋሹም ከመሣሪያው ጋር የተከላውን፣ የሥልጠናውንና ቢያንስ የጥቂት ዓመታት መለዋወጫውን ያስብ። አንዳንዴ ከአዲስ መሣሪያ ይልቅ ተበላሽቶ የቆመውን የሚጠግን ቴክኒሻን ማሠልጠን ይበልጣል።

ተረት 6፦ «ጥቅሙ ከግቢው አጥር አያልፍም»

እውነታው፦ ኮሶዬ ራሷ የዚህ ተረት ማፍረሻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዲን የነበሩት ዶክተር ዴኒስ ካርልሰን ከዚህች መንደር ጋር የጀመሩት ትውውቅ ለአሥርተ ዓመታት ዘልቋል። ከአንድሩ ካርልሰን ጋር የጻፉት መጽሐፍም እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2007 ድረስ የኮሶዬን ሕዝብ ጤና፣ ሀብትና የቤተሰብ ኑሮ ይከታተላል። ከዚያው ወዳጅነት የተነሣው ሥራ በየጓሮው አትክልት እንዲተከልና የልጆች ገበታ ከእህል ብቻ እንዲወጣ አግዟል። የአንድ የደጋ መንደር ኑሮ በዚህ ያህል ዘመን መመዝገቡ ከኮሌጅና ከመንደር ዝምድና የተገኘ ነው።

ሌላው ምሳሌ ካላዛር ነው። ከደጋው ብዙ ወጣት በሰሊጥ ወቅት ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ለቀን ሥራ ይወርዳል፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን ካላዛርንም ይዞ ሊመለስ ይችላል። ካልታከመ ይገድላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል የተቋቋመው ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት በሚያፈላልገው ዲኤንዲአይ በተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ድጋፍ ነው። ተማሪው ይማርበታል፣ ተመራማሪው ያጠናበታል፣ ከመተማ ትኩሳት ይዞት የተመለሰው የገበሬ ልጅ ይታከምበታል። አንዱ ስጦታ ሦስቱንም ያገለግላል።

ተረት 7፦ «ብትሰጥም ይበላል»

እውነታው፦ ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ዩኒቨርሲቲዎች በአሠራር ጉድለት ሲጠሩ ሰምተናል። መድኃኒቱ ግን እጅን መሰብሰብ አይደለም። ገንዘብ በግለሰብ እጅ ወይም በግል ሒሳብ አይሰጥም፤ በዩኒቨርሲቲው ወይም በተመዘገበ ማኅበር ሒሳብ ገብቶ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ለምን እንደዋለ በዓመት አንዴ በጽሑፍ ይጠየቃል። ተጠቃሚው ተማሪ የሚመረጥበት መስፈርት በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ መራጩም ለጋሹ ሳይሆን የተማሪውን ኑሮ የሚያውቅ ኮሚቴ ይሆናል።

ለጋሹም የሚጠበቅበት አለ። ስጦታ ነጥብ አይገዛም፣ ቅበላ አይገዛም፣ የምርምር ውጤት አያስለውጥም። የተረዳውን ተማሪ ካሜራ ፊት አቁሞ ድህነቱን ማስነገር ደግሞ ነውር ነው። ያቺ ቁራሽ የምትሰጥ እናት የተማሪውን ክብር ጠብቃ ነበር የምትሰጠው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ነገሩ ከዚህ በኋላ ይበልጥ አስቸኳይ ይሆናል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም በዚያው መንገድ እንዲከተሉ ታቅዷል። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ የገቢ ምንጩን ራሱ ማስፋት ይጠበቅበታል። ያን ጊዜ የድሃ ልጅ መቀመጫ እንዳይጠብ የሚያደርገው አስቀድሞ የተዘጋጀ የተማሪዎች ፈንድ ነው። ፈንዱ ዛሬ ካልተጀመረ ያኔ አይደርስም።

ስለዚህ ለመስጠት የተነሣ ሰው አራት ጥያቄ ይጠይቅ። የትኛውን ጉድለት ነው የምሞላው? እስከ መቼ እዘልቃለሁ? እኔ ሳቆም ምን ይቀራል? ሒሳቡን ማን ያሳየኛል? ለአራቱም መልስ ያገኘ ሰው ለንደንም ይኑር ዋሽንግተን፣ አዲስ አበባም ይኑር ጎንደር፣ ብሩ ትንሽም ትሁን ትልቅ፣ ሥራዋን ትሠራለች። ከሁሉ በፊት ግን ጥሪው ለተመራቂዎች ነው። አብረዋችሁ የተመረቁትን ሰብስቡ፤ ማኅበራችሁን አስመዝግቡ፤ በመጪው መስከረም ለአንድ ተማሪ ጀምሩና እስኪመረቅ አትልቀቁት። የተጠቀምንበትን ካፌ፣ ዶርምና መጽሐፍ የሸፈነው ራሱ ያልተማረ ገበሬ የከፈለው ግብር ጭምር ነው፤ ለልጁ መድረስ ምጽዋት ሳይሆን ያለብንን መክፈል ነው።