ሕያው እርሻ፦ የሕፃናት የመጀመሪያ ቤተ ሙከራ

ሙዚየም ሲባል ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው በመስታወት ሣጥን የተቀመጠና «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ዕቃ ነው። ከዚህ የተለየ ሙዚየም ግን አለ። በዚያ በሬው ይጠመዳል፤ ማረሻው ያርሳል፤ ቅቤው ይናጣል፤ ጎብኚውም ቀርቦ ያያል፣ ይጠይቃል፣ አንዳንዴም በእጁ ይሞክራል። ይህን የመሰለው ሥፍራ «ሕያው የታሪክ እርሻ» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ በውጭ አገር ትምህርት ላይ ሳለን ከትንንሽ ልጆች ጋር የጎበኘነውን አንዱን ምሳሌ አድርገን፣ ሕፃናት ከዚያ ምን ዓይነት ሳይንስ እንደሚቀስሙና ነገሩ ለእኛ ምን ትርጉም እንዳለው እንመለከታለን።

ሦስት ዘመናት በአንድ ሥፍራ

እርሻው የሚገኘው በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ ከዋና ከተማዋ ከዴሞይን አጠገብ ባለችው በኧርባንዴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የመሠረቱት በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር የነበሩት ዊሊያም ሙሬይ ናቸው። ወቅቱን ልብ ይሏል። በአሜሪካ እርሻዎች የትራክተሮች ቁጥር ከፈረሶችና ከበቅሎዎች ቁጥር የበለጠው እ.ኤ.አ. በ1954 ነበር። እንግዲህ ሙዚየሙ የተቋቋመው በፈረስ ማረስን የሚያውቁ ሰዎች እያረጁ በሄዱበት ዘመን ነው።

ጎብኚው በመጀመሪያ የ1700ውን የአዮዌይ ሕዝብ እርሻ ያገኛል። በዚያ በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ቦሎቄው በበቆሎው አገዳ ላይ ይጠመጠማል፤ በሥሩ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክል ወደሚስማማ ውሕድ ይለውጡታል፤ የዱባው ሰፊ ቅጠል ደግሞ የአፈሩን እርጥበት ይጠብቃል። ቀጥሎ በበሬ የሚታረሰው የ1850 የሠፋሪዎች እርሻ፣ ከዚያም በፈረስ የሚታረሰው የ1900 እርሻ ይመጣሉ።

የትልሙ ሒሳብ

ለሕፃን ልጅ ረጅም ማብራሪያ አይጠቅመውም፤ አንድ ጥሩ ጥያቄ ግን ይበቃዋል። «ይህን ማሳ ለመጨረስ ገበሬው ምን ያህል ይራመድ ይሆን?» ብለን እንጠይቀውና ትልሙን ከዳር እስከ ዳር በእርምጃው ይለካው። የትልሙ ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 10,000 ካሬ ሜትር የሆነውን አንድ ሄክታር ለማረስ 40 ኪሎ ሜትር መሄድ ያስፈልጋል።

ከፍ ላሉት ልጆች ደግሞ ኃይልን እንጨምርላቸው። ጥንድ በሬዎች በ1,000 ኒውተን ኃይል፣ በሰከንድ 0.8 ሜትር ፍጥነት ቢጎትቱ 800 ዋት ጉልበት ይሰጣሉ። ይህም 746 ዋት ከሆነው ከአንድ የፈረስ ጉልበት በጥቂቱ ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ጎልማሳ ሰው ሊሰጥ የሚችለው 75 ዋት ገደማ በመሆኑ፣ ጥንዱ በሬ የአሥር ሰው ያህል ሥራ ይሠራል ማለት ነው። «ዋት» የሚለው ቃል ከአምፑል ሌላ ትርጉም እንዳለው ልጁ በዚህ ይረዳል።

ቅቤ አወጣጥም እንዲሁ ፊዚክስ ነው። በወተት ውስጥ የሚንሳፈፉት የስብ ጠብታዎች ስፋታቸው ጥቂት ማይክሮ ሜትር ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው በስስ ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው። መናጡ ሽፋኑን ይሰብረዋል፤ ስቡም እርስ በርሱ ይያያዛል። ነገር ግን ሙቀቱ ካነሰ ስቡ ጠጥሮ አይጣበቅም፤ ከበዛም ቀልጦ አይጠጥርም።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ወተት ንጠው የሚያውቁ እናቶቻችን ይህን የሙቀት ልክ ያለ ቴርሞሜትር፣ በእጃቸው ያውቁታል። ለእኛ ሕያው እርሻ ገና ሙዚየም አልሆነም፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ የሚገኝ የዕለት ኑሮ ነው። ሆኖም የሚያሳስብ ነገር አለ። ከገበሬ ቤት የመጣ ተማሪ ስለ ቶርክ ሲማር ምሳሌው የመኪና ብሎን መፍቻ ነው፤ አባቱ እርፉን ጫን እያደረገ የማረሻውን አገባብ መቆጣጠሩ ያው የቶርክ ሕግ መሆኑን የሚነግረው የለም። በከተማ ያደገው ደግሞ ወገል ድግሩን አጥብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት መሆኑን አያውቅም። አንደኛው የያዘውን ዕውቀት ይንቃል፤ ሁለተኛው ጭራሹን አያገኘውም።

ይህን ስንል ድካሙ ይቀጥል ማለታችን አይደለም። ለጤፍ ማሳው አራት ጊዜ ቢታረስ፣ ከላይ ባየነው ሒሳብ ገበሬው ለአንድ ሄክታር 160 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህን ድካም የሚያቀልለው መሐንዲስ ግን አስቀድሞ መሣሪያውን ሊያውቀው ይገባል።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ሜትርና ሰዓት ያዙ። ታናናሾቻችሁን አስከትላችሁ፣ ባለማሳውን አስፈቅዳችሁ የትልሙን ስፋትና የበሬዎቹን ፍጥነት ለኩ፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ከገበሬው አፍ ሰምታችሁ ጻፉ። አዮዋውያን ለዚህ ሙዚየም መሥራት አስፈልጓቸዋል፤ እናንተ ግን መምህሩን ከነበሬዎቹ ማሳው ላይ ታገኙታላችሁ።