በፖስታ የተሠራው የፍቅር አልበም

ቤን ጊባርድ ሲያትል፣ ጂሚ ታምቦሬሎ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ይኖሩ ነበር። «ጊቭ አፕ» የተባለውን አልበም አብረው ሲሠሩ አንዱ ወደ ሌላው ከተማ አልተዛወረም። ታምቦሬሎ ሙዚቃውን በኮምፒውተርና በሲንተሳይዘር አቀናብሮ ቅጂውን በፖስታ ይልካል። ጊባርድ ሲደርሰው የማይፈልገውን ይቆርጣል፤ ዜማና ግጥም ይሠራለታል፤ ድምፁን ቀድቶበት መልሶ ይልካል። ለቡድናቸውም «ዘ ፖስታል ሰርቪስ» የሚለውን የአገራቸውን የፖስታ ቤት መጠሪያ ወሰዱለት።

ከዚያ በፊት አብረው የሠሩት አንድ ዘፈን ነበር። ታምቦሬሎ «ዲንቴል» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው አልበም ውስጥ ጊባርድ ዘፍኖለታል። ጊባርድ በጊዜው «ዴዝ ካብ ፎር ኪውቲ» የተባለው የሮክ ባንድ ድምፃዊ ነበር። አሥር ዘፈኖች ያሉት «ጊቭ አፕ» እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በሲያትሉ አሳታሚ በሰብ ፖፕ በኩል ወጣ።

የአልበሙ ስልት ሲንት ፖፕ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በተለይ በብሪታንያ የገነነ የሙዚቃ ስልት ነው። በጊታርና በከበሮ ፈንታ ሲንተሳይዘርና የምት ማሽን ዘፈኑን ይሸከማሉ። ይህ ሙዚቃ ቀዝቃዛ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለከሸፈ ፍቅር የሚስማማው ይኸው ይመስለኛል። ማሽኑ አይደክምም፣ አይሳሳትም፣ ምቱንም አያዛባም። ላዩ ላይ የሚዘፍነው ሰው ግን ይለምናል፣ ይጸጸታል፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ያስባል። የሰውየው ልብ መሰበር ጎልቶ የሚሰማው ምቱ ስለማይጠብቀው ነው።

«ሳች ግሬት ሃይትስ» አዲስ የያዘው ፍቅር እንደማያልፍ እርግጠኛ የሆነ ሰው ዘፈን ነው። በ«ክላርክ ጌብል» ደግሞ አንዱ ካሜራና መኪና ተከራይቶ የቀድሞ ፍቅረኛውን ይጠራታል፤ ለፊልም ሲባል እንደገና የሚዋደዱ እንዲያስመስሉ ይጠይቃታል፤ እሷም እሺ ትላለች። መክፈቻው ዘፈን «ዘ ዲስትሪክት ስሊፕስ አሎን ቱናይት» የሚወስደን ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ተራኪው ትታው ወደዚያ የሄደችውን ሴት ሊጠይቅ ሄዶ፣ በአዲሱ ኑሮዋ ውስጥ እንግዳ መሆኑን ይረዳል። ለሥራ ወይም ለትምህርት ርቆ የሄደ ፍቅረኛ የነበረው ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ለእኔ የአልበሙ ልብ አራተኛው ዘፈን «ናቲንግ ቤተር» ነው። ወንዱ እንዳትሄድ ይማጸናል፤ አግብቶ አብሯት ሲያረጅ ይታየዋል። ብቻውን ቢዘፍን ኖሮ እናዝንለት ነበር። መሐል ላይ ግን ዘፋኟ ጄን ዉድ ገብታ በሴቷ ድምፅ ትመልስለታለች። ያለፈውን እያሳመረ እንደሚያስታውስ፣ ጉዳዩም እንዳበቃ ረጋ ብላ ትነግረዋለች። ሂዩማን ሊግ የተባለው የሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ታዋቂ ቅብብል ዘፈንም እንዲሁ ሴቷ የራሷን ታሪክ ታስረዳለች። የፍቅር ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ የተከዳውን ብቻ ያናግራል፤ የሄደችው ቃሏን የምትሰጥበት ዘፈን ግን ብርቅ ነው፤ እዚህ ደግሞ እውነቱ ወደ እሷ ያደላል። በሌሎች በርካታ የአልበሙ ዘፈኖች ውስጥ የምንሰማት አጃቢ ጄኒ ሉዊስ ናት።

አልበሙ መሸጥ ሲጀምር የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ስሜ ተወሰደ ብሎ ማስጠንቀቂያ ላከ። ነገሩ በስምምነት አለቀ፦ ቡድኑ ስሙን ይዞ ይቀጥላል፤ በምላሹ የፖስታ ቤቱን አገልግሎት ያስተዋውቃል፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ዋሽንግተን ሲሰበሰቡም ይጫወትላቸዋል።

አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የፕላቲነም ማዕረግ አገኘ። ከሰብ ፖፕ ሥራዎች በሽያጭ የሚበልጠው የኒርቫና «ብሊች» ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2023 ለመድረክ ተመልሰው ተገናኝተዋል፤ ሁለተኛ አልበም ግን አልሠሩም።