ዛሬ ተኝታ ነገ የምትነሣው እኅት

ሳልሚያም ሆነ ጀህራ ብትሠሩ ይህን ሳታዩ አትቀሩም። አንዲት ልጅ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ትኩሳቱ ያቃጥላታል፣ በላብ ተነክራ ትተኛለች። በማግስቱ ተነሥታ ቤቱን ታጸዳለች። በሦስተኛው ቀን እንደገና ይጥላታል። ማዳም “ትናንት ደኅና አልነበርሽም ወይ? ታስመስያለሽ” ብትላት አያስደንቅም። እኛ ራሳችን ምች ነው፣ የኤሲ ብርድ ነው እንላለን። ኩዌት ውስጥ ወባ ስለማይተላለፍ ሐኪሙም ቶሎ አይጠረጥረውም።

ወባው ግን ከአገር አብሮን ሊመጣ ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት፣ ትንኟ ከነከሰች በኋላ በደም ወደ ጉበት ሄዶ ሕዋሳቱ ውስጥ ይገባል። ገሚሱ እዚያ ይራባል፤ ገሚሱ ይተኛል። ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። ያን ጊዜ ሕመም የለም፤ የደም ምርመራም አያገኘውም። ስለዚህ ከሚሴ ወይም ባቲ በኅዳር የተነከሰች ልጅ ፋርዋኒያ ገብታ በግንቦት ሊነሣባት ይችላል።

ሲነቃ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ይዞራል። በሕዋሱ ላይ ዳፊ የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ሰውነት የሚልካቸውን የኬሚካል መልእክቶች ይቀበላል። ተሕዋሲው ይህንኑ እንደ በር እጀታ ይዞ ይገባል። አብዛኛው የምዕራብ አፍሪካ ሰው ይህ ፕሮቲን በቀይ ደሙ ላይ ስለሌለው ቫይቫክስ እዚያ ብርቅ ነው። የእኛ አገር ሰው ግን ብዙው አለው፤ ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያንም ላይ ተገኝቷል፤ ሌላ መግቢያ ሳይኖረው አይቀርም።

ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን እየበላ ይባዛና በ48 ሰዓት ገደማ ሕዋሱን አፈንድቶ ይወጣል። የሚያንቀጠቅጠው ያ ነው። መጀመሪያ ላይ ትኩሳቱ በየቀኑም ሊሆን ይችላል፤ በኋላ ግን አንድ ቀን እየዘለለ ይመጣል። ልጅቷ አላስመሰለችም።

ክሎሮኪን በደም ያለውን እንጂ በጉበት የተኛውን አይገድልም። ለተኛው ፕሪማኪን ይሰጣል፤ ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም የሚያንሳቸውን ሰዎች ግን ደማቸውን ስለሚያፈርስ አስቀድሞ ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ከጓደኛ የተረፈ ኪኒን አትዋጡ።

ሙስተውሰፍ ስትሄዱ ከየት እንደመጣችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ “አና ሚን ኢትዮቢያ፣ ፈህስ ደም፣ መላሪያ” በሉ። ደግነቱ መላሪያ በዐረብኛም ያው መላሪያ ነው። ራሷን ለሳተች ወይም ሽንቷ ለጠቆረ እኅት ግን ሳትዘገዩ 112 ደውሉ።