ፋውንዴሽኑ ለምን አመድ መሰለ?

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ሚዜ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት አየር ጤና ካለ አንድ ኮስሞቲክስ ቤት ፌስታል ሞልታ መጣችና የምሳው ሳህን ባልተነሣበት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው፤ ሁለት ፋውንዴሽን፣ ፓውደር፣ ሊፕስቲክ፣ ማስካራ። ሁሉም ተደምሮ የአንድ ደህና ጫማ ዋጋ አይሞላም። አንዱን ፋውንዴሽን ሱቁ ውስጥ፣ ነጭ አምፖል ሥር፣ እጇ ጀርባ ላይ ሞክራ «ልክክ አለ» ብላ ነው የገዛችው። ቤት ገብታ ፊቷን ስትቀባው ግን ያ የሚያምር ጠይም መልኳ ጠፍቶ አመድ የበነነበት መሰለ።

«አክስቴ፣ ርካሽ ስለሆነ ነው አይደል?» አለችኝ፤ ልታለቅስ ደርሳለች።

ዋጋው ብቻውን ይህን አያደርግም። የፋውንዴሽንን መልክ የሚሰጡት በዋናነት አራት ዱቄቶች ናቸው። ሦስቱ የብረት ኦክሳይድ ናቸው፤ ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር። ቀዩ ቀይ አፈርን ቀይ ያደረገው ያው ነገር ነው። አራተኛው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ሲሆን የግድግዳ ቀለም ውስጥም ይገባል። እነዚህ አራቱ በርካሹም በውዱም ጠርሙስ ውስጥ አሉ። እንዲያውም ርካሹንና ውዱን አንድ ባለቤት የሚያመርትበት ጊዜ አለ፤ የፈረንሳዩ ሎሬያል ውዱን ላንኮምን እ.ኤ.አ. በ1964፣ በየፋርማሲው የሚሸጠውን ሜይቤሊንን ደግሞ በ1996 ገዝቶ ሁለቱንም ይዟል።

አመዱን የሚያመጣው ነጩ ዱቄት ነው። ለምን እንደሆነ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አሳየኋት። ጥቁር ሳህን ላይ ቁንጥር የሕፃን ፓውደር አደረግንና ሁለት ጠብታ የምግብ ዘይት ጠብ አድርገን በጣት አሸነው። ነጩ ፓውደር ዓይናችን እያየ ደበዘዘና የሳህኑ ጥቁረት ከሥሩ ብቅ አለ። ከጎኑ ዚንክ ያለበትን የዳይፐር ቅባት ቀባን። እሱ መጀመሪያውኑ በቅባት የራሰ ነው፤ ቢያሹት ቢያሹት ግን ነጭነቱን አይለቅም።

ነገሩ ብርሃን ነው። ብርሃን ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ሲሻገር ይታጠፋል፤ የሁለቱ የማጠፍ አቅም በተራራቀ ቁጥር ተመልሶ የሚነጥረው ብርሃን ይበዛል፣ እኛም ነጭ እናያለን። የምግብ ዘይት የማጠፍ ልኩ 1.47 ገደማ ነው፤ የፓውደሩም ከዚያ ብዙ ስለማይርቅ ዘይት ውስጥ ይሰወራል። የዚንክ ኦክሳይድ ግን 2 አካባቢ ነው፤ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ከ2.5 ይበልጣል። ፊት ቢወዛም ላብ ቢወርድም ታይታኒየሙ አይሰወርም። ለመሸፈን የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ከልኩ ሲያልፍ ግን ሸፍኖ አያበቃም፤ ከሥሩ ያለውን ቅላትና ቢጫነት ውጦ ግራጫ ያደርገዋል።

ርካሽ ምርት ብዙ ጊዜ የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው። ዱቄቱ አንድ ቢሆንም የቀለሙ ምርጫ ጥቂት ነው፤ አምስት ስድስት ቁጥር ብቻ ተሠርቶ ለጠቆረ ቆዳ ቀዩና ቢጫው ሳይመጠን ጥቁሩ ይጨመርበታል። ቋንቋችን ግን ቀይ፣ ብስል ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ ይለያል። «የቀይ ዳማ» የሚል ሰው ከጥቁረቱ ሥር ያለውን ቅላት እያየ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ «03» ብሎ መጻፍ ይህን አይነግረንም። ሪሃና እ.ኤ.አ. በ2017 ፌንቲ ቢዩቲን በ40 ዓይነት ፋውንዴሽን ስትጀምር ዓለም ጉድ ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። የእኛ አያቶች መልክን በስም ለይተው የጨረሱት ግን ከዚያ እጅግ በፊት ነው፣ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ሙከራው እጅ ላይ መሆን የለበትም፤ የእጅ ጀርባ ፀሐይ የመታው፣ ከፊት የተለየ ቆዳ ነው። መንጋጋ ላይ፣ ፊትና አንገት በሚገናኙበት ቦታ፣ አንድ መስመር አስምራ በር ላይ ቆማ በቀን ብርሃን እንድታየው አደረግሁ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ውሃው ሲተንና የፊት ወዝ ቀለሙን ሲያርሰው ይጠቁራል፤ ዝናብ የነካው አፈር ከደረቁ ጠቁሮ እንደሚታየው ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ በአንድ ደቂቃ «ልክክ» ያለው የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። ለሚዜ ደግሞ አንድ ሙከራ ይጨመራል፤ መብራት አጥፍቶ በስልክ ፍላሽ ፎቶ መነሣት። ነጭ ፓውደር በቀን ደህና መስሎ ፍላሽ ሲያርፍበት ቦግ ብሎ የሠርጉን አልበም ሊያበላሽ ይችላል።

ሁለቱ ፋውንዴሽኖች አንዱ ነጣ፣ አንዱ ቀላ ያለ ነበርና ልናደባልቃቸው አሰብን። ከዚያ በፊት ግን ከእያንዳንዱ አንድ ጠብታ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣልን። ውሃ ላይ የተመሠረተ እንደ ወተት ይበተናል፤ ሲሊኮን ላይ የተመሠረተ ተንከባሎ ይቀራል። የተለያዩ ከሆኑ ፊት ላይ እንደ ተቆራረጠ ወተት ይለያያሉ። የእሷ ሁለቱም ተበተኑ።

ሊፕስቲኩ ብዙም አላስጨነቀኝም። ሰም፣ ቀለምና ብዙውን ጊዜ የጉሎ ዘይት ነው፤ ሙቀት ሲነካው ላዩ ላይ የሚያወጣው ጤዛ የመሰለ ነገርም ያው ዘይት ነው።

ማስካራው ላይ ግን አልተደራደርኩም። ክዳኑ አካባቢ የደረቀ ቀለም ነበረበት፣ ማሸጊያውም ላላ ብሏል። ዕቃው ላይ የተከፈተ ማሰሮ የመሰለ ምልክት ውስጥ «6M» ከተጻፈ ከተከፈተ በኋላ ለ6 ወር ነው ማለት ነው፤ ሌላ ሰው የከፈተው ማስካራ ግን መቼ እንደጀመረ አይታወቅም፣ ብሩሹ በተነከረ ቁጥርም ባክቴሪያ ይዞ ይገባል። ጣልነው። ምንነቱ ሳይታወቅ በብልቃጥ የሚሸጥ ኩልም እንዲሁ ነው። የጥንቱ ጥቁር ድንጋይ ብዙ ጊዜ ጋሌና፣ ማለትም የእርሳስ ማዕድን ነው፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው። የመጻፊያ እርሳስ ቅርጽ ያለውና የያዘው ነገር የተዘረዘረበት የዓይን ኩል ይሻላል።

ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ «ፊት የሚያጠራ ክሬም» ጨምሮ ሊሰጣት ነበር። ዝርዝር የለውም። እንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ያለ ሐኪም የማይቀባ ስቴሮይድ እየተገኘ ነው። የሚናማታ የሜርኩሪ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ጉባኤ ሜርኩሪ የተጨመረበት ማናቸውም ኮስሞቲክስ በ2025 እንዲቀር ተስማምተዋል፤ ያ ክሬም ግን ዛሬም መደርደሪያ ላይ ነው። ጠይም ልጅ ምኗ ይጥራ? ቆዳው ከተጎዳ የቆዳ ሐኪሞች ያሉት አለርት ሆስፒታል እዚሁ ዘነበወርቅ ነው፤ ለዚያ ሳይደረስ አዲስ ነገር ሁሉ ከጆሮ ጀርባ ተቀብቶ ሁለት ቀን ይጠበቅ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ድብልቁን ለሦስተኛ ጊዜ ሠራነው፤ ከቀላው ሁለት ጠብታ፣ ከነጣው አንድ። መንጋጋዋ ላይ ቀባችና መስታወት ይዛ በር ላይ ቆመች። መስመሩን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። በፕላስተር ቁራጭ ላይ «2 ለ 1» ብላ ጽፋ ክዳኑ ላይ ለጠፈችው።