የወንጀል ምርመራ ታሪክ ማንበብ ለቤተ ሰብ ስለሚሰጠው ደስታና ትምህርት

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ታሪክ ለብዙ ሰዎች የሥራ ፈት መጫወቻ ይመስላቸዋል። ስለ ሌባና ስለ ነፍሰ ገዳይ የሚያወራ መጽሐፍ በልጆች ፊት ሊነበብ አይገባም የሚሉም አሉ። እኛ ግን በወረኢሉ ደጋ የክረምቱ ጉምና ብርድ ከደጅ ሲያስቀረን፣ እሳት ከበን ይህን ዓይነት መጽሐፍ ለቤተ ሰባችን እየተረጐምን ማንበብ ከጀመርን ብዙ ዘመን ሆኖናልና፣ ያገኘንበትን ደስታና አንድ ጊዜም ከበደል ያዳነንን ነገር ለመግለጽ ወደድን።

ይህን ዓይነት ድርሰት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1841 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ጀመረው ይባላል። ከዚያ በኋላ ሐኪም የነበረው አርተር ኮናን ዶይል በ1887 ሼርሎክ ሆልምስ የተባለውን መርማሪ ፈጥሮ በ4 ረዣዥምና በ56 አጫጭር ታሪኮች አስነበበ። አብነት ያደረገውም በኤዲንብራ ሕክምና ያስተማሩትን ዶክተር ጆሴፍ ቤልን ነው፤ እኒህ ሐኪም የበሽተኛውን እጅና ጫማ ተመልክተው ሥራውንና የመጣበትን ስፍራ ይናገሩ ነበርና። ደራሲው በ1893 ሆልምስን ቢገድለው አንባቢው እጅግ አዘነ፤ በ1903ም እንደ ገና ሊያስነሣው ግድ ሆነበት። በ1920 ደግሞ አጋታ ክሪስቲ የመጀመሪያ መጽሐፏን አውጥታ ኤርኩል ፗሮ የሚባለውን የቤልጅግ ስደተኛ መርማሪ ለዓለም አስተዋወቀች።

ነገር ግን ዳዊት ደግሞ መጽሐፍ ላነበበ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ሁለቱ ሽማግሎች በሶስና ላይ በሐሰት ሲመሰክሩ፣ ሕዝቡ ሁሉ ሊገድላት ሲነሣ፣ ዳንኤል ምስክሮቹን ለይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ቢጠይቃቸው አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሁለተኛውም ሌላ ዛፍ ጠርተው ውሸታቸው ተገለጠ። ዳግመኛም በቤል ቤተ ጣዖት ወለል ላይ ዐመድ ነስንሶ በሩን በንጉሡ ማኅተም ቢያሳትም፣ በማግሥቱ የካህናቱ፣ የሴቶቻቸውና የልጆቻቸው የእግር ዱካ ታይቶ መሥዋዕቱን የሚበላው ማን እንደሆነ ታወቀ። ዶረቲ ሴየርስ የተባለችው እንግሊዛዊት ደራሲ በ1928 የምርመራ ታሪኮችን በአንድ ጥራዝ ስትሰበስብ እነዚህን ሁለቱን ከጥንቶቹ ጋር ማግባቷ በተገባ ነው።

በአገራችንም ሌባን የመፈለግ ጥበብ ጥንታዊ ነው። አንደኛው ሌባ ሻይ ነበር፤ አንድን ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁትና እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። በዚህ ስንት ንጹሕ ሰው እንደ ተበደለ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሁለተኛውም አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ነው፤ የአገሩ ሰው በአንድነት ተሰብስቦ፣ የቀረው እየተቀጣ፣ እያንዳንዱ «ወፍ ነገረኝ» እያለ የሰማውን ያወጣ ነበር፤ ጥፋተኛው ባይገኝ የጠፋውን ነዋሪው አዋጥቶ ይከፍላል። ይህኛው ከፊተኛው ይሻላል፤ ሆኖም የሚመረምረው የሰውን አፍ እንጂ የነገሩን ዱካ አይደለም። የምርመራ መጽሐፍ የሚያስተምረው ዱካውን መከተል ነው።

በአማርኛም ይህ ድርሰት ባለቤት አላጣም። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በመጻፍ ስሙን አስጠርቷል፤ የወሎው ተወላጅ ማሞ ውድነህም ስለ ሰላዮች በጻፋቸውና በተረጐማቸው መጻሕፍት ብዙ አንባቢ አፍርቷል። በእኛ ዘመንም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የምስጢር ፍለጋን ነገር ወጣቱ ዘንድ አድርሶታል።

ደስታው ከወዴት ይመጣል ቢሉ፣ ከቅኔ ደስታ ጋር አንድ ነው እንላለን። በቅኔ ወርቁ በሰሙ ውስጥ በግልጥ ተቀምጦ ሳለ ሰሚው ያልፈዋል፤ ሲፈታለት ግን በራሱ ይስቃል። መልካም የምርመራ ደራሲም እንዲሁ ነው፤ ምልክቱን አይሸሽግም፣ በፊታችን ያኖረዋል፤ እኛ ግን ሌላ ሌላውን ስናይ እናልፈዋለን። ሮናልድ ኖክስ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስ በ1929 ለዚህ ድርሰት 10 ሕግ ሲያወጣ መርማሪው ያገኘውን ምልክት ሁሉ ለአንባቢው ሳይሸሽግ ያሳይ ማለቱ ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። ካቻምና ከጥምቀት በኋላ የባለቤታችን የወርቅ ጉትቻ ከሙዳዩ ጠፋ። የእናቷ መታሰቢያ ነበርና ኀዘኗ በረታ። ወደዚያ ክፍል ከቤታችን ሠራተኛ ልጅ በቀር የሚገባ አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ «ከእርሷ ሌላ ማን ይወስደዋል!» አለ፤ ወደ ጠንቋይ እንሂድ ያለም አልታጣ። እኛም የሰው ክስ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች፣ በሦስተኛው ቀን የልጅቱን ክስ በገዛ እጃችን ጽፈን ለነገ አኖርነው።

በዚያች ማታ ልጅቱ የእጅ ውሃ ይዛ ቀርባ፣ ዐይኗን ሳታነሣ፣ «ጋሼ፣ በሚያነቡት መጽሐፍ መርማሪው የቤት ሠራተኛዋንም ይጠይቃት የለም? እኔን ግን ማንም የጠየቀኝ የለም» አለችን። አፈርን። ተናገሪ ብንላት፣ «እትዬ ከጥምቀት ሲመለሱ ጆሮዎ ባዶ ነበር፤ ነጠላዎንም አዘቅዝቀው ነበር የገቡት» አለች።

ባለቤታችን ይህን ስትሰማ ብድግ ብላ ሣጥኗን ከፈተች። ለካ ከታቦቱ ስትመለስ የክርስትና እናቷ መርዶ በመንገድ ደርሷት፣ ለቅሶ ቤት በጌጥ አይገባምና ጉትቻውን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ኖሯል። በልቅሶ ደክማ ስትገባ ነጠላውን እንዳለ አጥፋ አኖረችው፤ ከዚያም እንደ ልማዷ በሙዳዩ ያስቀመጠችው መሰላት። ቋጠሮው ሲፈታ ወርቁ ከዚያው ተገኘ።

የጻፍነውን ክስ እሳት ውስጥ ጨመርነው፤ ሁለታችንም ልጅቱን ይቅርታ ለመንናት፣ እርሷም ይቅር አለችን። ሆኖም ለፋሲካ ወደ ዘመዶቿ እንደ ሄደች ሳትመለስ ቀረች፤ እኛም አልፈረድንባትም። መጽሐፉ ጥፋተኛው ሲታወቅ ያልቃል፤ በቤት ውስጥ የተነገረ ጥርጣሬ ግን እውነቱ ከታወቀ በኋላም ይኖራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኰላ የታሰበ ፍርድ መጨረሻው እፍረት ነው።

ከዚያ ወዲህ ንባባችንን በሥርዓት አደረግነው። ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት መጽሐፉን እንዘጋና ከትልቅ እስከ ትንሽ ሁሉም ማንን እንደሚጠረጥር ከነምክንያቱ ይናገራል። «መሰለኝ» ያለ እንደ ገና ያስባል፤ «አይቻለሁ፣ በዚህ ገጽ ተጽፏል» ያለ ይመሰገናል። የቤት ሠራተኛም ብትሆን ተራዋ አይታለፍም።

እንግዲህ ወላጆች ሁሉ፣ ይልቁንም በሰው ላይ የመፍረድ ሥልጣን የተሰጣችሁ፣ ልጆቻችሁን ይህን ንባብ አትከልክሏቸው፤ አብራችኋቸውም አንብቡ። የጠፋ ወርቅ ይተካል፤ ሳይጠየቅ የተፈረደበትን ሰው ልብ ግን መልሶ ማግኘት ይቸግራል።