ጌዳን ባራይ፦ እርግጫን የሚጠርግ ክንድ

ካራቴ የጀመረ ሰው አዲሱ ነጭ ልብሱ ገና ሳይለሰልስ ከሚማራቸው እንቅስቃሴዎች አንዱ ጌዳን ባራይ ነው። ወደ ሆድና ወደ ብሽሽት የሚመጣን እርግጫ ወይም ጡጫ በክንድ ከመንገዱ ማስወጫ ነው። በሾቶካን ስልት ለጀማሪ የሚሰጠው ታይኪዮኩ ሾዳን የተባለ ካታ (ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የእንቅስቃሴዎች ልምምድ) 20 እንቅስቃሴዎች ሲኖሩት 8ቱ ጌዳን ባራይ፣ የቀሩት 12 ደግሞ እየተራመዱ የሚሰነዘሩ ጡጫዎች ናቸው፤ ሌላ ነገር የለውም። ቀጥሎ የሚመጣው ሄያን ሾዳን 21 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ እሱም የሚከፈተው ወደ ግራ ዞሮ በሚደረግ ጌዳን ባራይ ነው።

በአማርኛ ይህን «መመከት» እንለዋለን፤ ቃሉ ግን ትንሽ ያሳስታል። መመከት ሲባል ጋሻ ደቅኖ የመጣውን ምት ማቆም ወደ ሐሳባችን ይመጣል። ጃፓኖቹ ግን ያሉት ሌላ ነው፤ «ጌዳን» የታችኛው የሰውነት ክፍል፣ «ባራይ» ደግሞ መጥረግ ማለት ነው። ነገሩን ካሰብነው ጋሻውም ቢሆን ዝም ብሎ አያቆምም። ወደ ውጭ የጎበጠ በመሆኑ የጦር ጫፍ አንሸራቶ ያሳልፋል። ጀማሪ ይህን ስለማያውቅ ክንዱን እንደ ዱላ ቁልቁል ያወርድና ከረጋጩ ቅልጥም ጋር ያጋጨዋል። እግር ከክንድ ይከብዳል፣ ቅልጥምም ከክንድ አጥንት ይወፍራል። በዚህ ግጭት ማን እንደሚጎዳ መናገር አያስፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጋጣሚ በቀኝ እግሩ ቀጥ ያለ እርግጫ ሲሰነዝር ተከላካዩ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ይወስዳል፤ ግራው ከፊት ጉልበቱን አጥፎ ይቀራል። በዚያው ቅጽበት ግራ እጁ ተጨብጦ፣ መዳፉ ወደ ጆሮ እንደዞረ፣ ቀኝ ትከሻ ላይ ይወጣል። ቀኝ እጁ ወደ ፊትና ወደ ታች ተዘርግቶ ሆዱን ይሸፍናል። ከዚያ ሁለቱ እጆች ይተላለፋሉ። ግራው ከትከሻ ተነስቶ ሰውነትን ሰያፍ አቋርጦ ይወርድና ከግራ ጉልበት በላይ፣ በመካከሉ አንድ ወይም ሁለት ጭብጥ የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ይቆማል። ቀኙ ወደ ዳሌ ይሰበሰባል፤ ይህን ሂኪቴ ይሉታል። የሚጠርገው ክንድ ሊደርስ ሲል ይሽከረከራል። ክርኑ እንደ ብረት አይገተርም፣ ትከሻውም ወደ ላይ አይነሳም። ዓይን ደግሞ እግሩን ተከትሎ አይወርድም፤ ተጋጣሚው ላይ ይቆያል።

ብዙ ሰው የሚስተው ዳሌውን ነው። በመጨረሻው ቅጽበት ዳሌ በከፊል ወደ ጎን ይከፈትና ሰውነት 45 ዲግሪ ገደማ ዘወር ይላል፤ ሃንሚ የሚባለው ይህ ነው። ዳሌ ካልዞረ የሚሠራው ክንድ ብቻ ነው፣ የክንድ ጉልበት ደግሞ ለእርግጫ አይበቃም። ዳሌ ሲዞር ሆድ ከእርግጫው መስመር ይወጣል፤ ክንዱ የሚቀረው ሥራ እግሩን በጎን ነካ አድርጎ ማሳለፍ ነው። በእኔ ግምት ከመከላከሉ ግማሹ የሚሠራው ወደ ኋላ በተወሰደው እግርና በዳሌው ነው፤ እጁ ስለሚታይ ብቻ ምስጋናውን ሁሉ ይወስዳል።

ወደ ዳሌ የሚሰበሰበውስ እጅ ምን ይሠራል? በባዶ አየር ሲታይ ጌጥ ይመስላል። ጥንድ ሆነው የካታን ትርጉም የሚፈትሹ ባለሙያዎች ግን ያ እጅ የተጋጣሚውን እጅ ይዞ የሚጎትት ነው ይላሉ። እንዲህ ከሆነ የሚወርደው ክንድ መከላከያ መሆኑ ቀርቶ የተያዘውን እጅ ወይም አንገት የሚመታ ይሆናል። ሐሳቡ መሠረት አለው። የሄያን ካታዎችን በመጀመሪያ ስማቸው ፒናን ብሎ ያዘጋጀው የኦኪናዋው አንኮ ኢቶሱ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካራቴን በደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች ሲያስገባ ለልጆች እንዲስማማ አድርጎ ነበር። ተማሪው ጊቺን ፉናኮሺ እ.ኤ.አ. በ1922 ካራቴን ወደ ቶኪዮ ይዞ ሄደ፤ ካታዎቹም ሄያን የሚለውን ስም ያገኙት በእሱ ነው። ለሕፃናት የተዘጋጀ ትምህርት «አንገቱን ያዝና ምታው» አይልም፤ «እርግጫውን ጥረግ» ይላል።

ቴኳንዶ የሠራ አንባቢ ይህን እንቅስቃሴ «አሬ ማኪ» በሚል ስም ያውቀዋል፤ መነሻውና መድረሻው በጣም ይቀራረባል።

የምትለማመዱ ከሆነ ጓደኛችሁ ቀስ ብሎ ደጋግሞ እንዲረግጣችሁ ጠይቁ። ከልምምድ በኋላ ክንዳችሁ ላይ ሰንበር ከወጣ፣ ገና እየመታችሁ ነው እንጂ እየጠረጋችሁ አይደለም።